በሳፋዬ ዙሪያ የተደረገ ኑዛዜ

ለውድ ወንድሜ ለእንድሪያስ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናህ እንዴት ነው? የጁባ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ሥራው፣ እንቅልፉ፣ ወባው ሁሉ ደህና? ሆድህስ? ስለ ሆድህ የምጠይቅህ ለወጉ አይደለም፤ ሆዱ ደህና ለሆነ ሰው ሌላው ሁሉ ትርፍ ነው ብዬ ስላመንኩ ነው። እኔ አለሁ፣ አፌ ግን የለም።

ያን "ሎሚ ውጠሽ ነው" እያልክ የምትስቅበትን የአንገቴን እብጠት ታስታውሳለህ። እንቅርት ነው ተባለ። ሆርሞኑ ከልክ በላይ እየመነጨ ነው አሉ ልቤን የሚያስደልቀው፣ እጄን የሚያንቀጠቅጠው። ሐኪሟ ኪኒን ስታዝልኝ በራስሽ ካቋረጥሽው ልብሽን ይጎዳዋል አለችኝ። ኪኒኑ ልቤን አሳረፈው፣ ምላሴን ግን ገደለው። ምራቄ የዛገ ሚስማር ሚስማር ይላል፣ ገላዬን ያሳክከኛል። ያ ስንሻማበት የኖርነው የጫሞ ዓሣ እንኳ ሲጠበስ እርጥብ ካልሲ ይሸተኛል።

መጀመሪያ ትንሽ ሲያስመልሰኝ አክስታችን ብርቅዬ ላስታምማት ብላ መጣች። ማስታመሟ ጠዋት ማታ የሀለኮ፣ ሌላው አገር ሽፈራው የሚለው ቅጠል ሾርባ ነው። አረንጓዴ፣ የሚያዳልጥ፤ እንቁራሪት ቢያየው ቤቴ ነው ብሎ ይገባበታል። አፍንጫዬን ይዛ ታጠጣኛለች፣ ሾርባውም ብዙ ሳይቆይ ሳፋ ውስጥ ይመለሳል። እሷ ሳፋውን አዘንብላ እየመረመረች፣ ክፉው እየወጣ ነው ትላለች። ክፉውማ ሾርባው ነው ስላት፣ ምላስሽስ ምንም አልሆነም አለችኝ።

ሲብስብኝ የእማዬን አጎት አባባ ወልደ ሚካኤልን ከጨንቻ አስጠሩ። በዚህ ሙቀት የደጋ ጋቢያቸውን ተከናንበው ወርደው፣ ላብ እያጠመቃቸው ሳፋዬን አዩና፣ ይሄ ጎሜ ነው አሉ። ከቤቱ ሰው ክልክል የጣሰ አለ፤ ካልተናዘዘ ልጅቷ አትድንም፤ እስከዚያ ኪኒኑ ይቁም። እማዬም ኪኒኔን ወሰደችብኝ። ያኔ ቀልዴ አለቀ፣ ወንድሜ። የሐኪሟን ቃል እያሰብኩ በጣም ፈራሁ።

ሁሉም ሳፋዬን ከበው ተቀመጡ። አባዬ በአባያ በኩል የጎረቤታችንን የሙዝ ማሳ ድንበር ገፍቻለሁ አለ። እማዬ በፍልሰታ ዓሣ ቀምሻለሁ አለች። አባባ ራሳቸው ስለ አንድ በግ የሆነ ነገር አጉተመተሙ። እኔ እያስመለስኩ እሰማለሁ፤ ከሳፋውና ከኑዛዜው የትኛው እንደሚቀፍ መምረጥ አቃተኝ።

ተራው አክስታችን ጋ ሲደርስ ማልቀስ ጀመረች። ለካስ ሳፋውን የምትመረምረው ኪኒኑን ስትፈልግ ነው። አብሮ ወጥቶባታል ብላ፣ ባዶውን ማሸጊያ አሳይታ ከመድኃኒት ቤት ሌላ ገዝታ፣ ፈጭታ ሀለኮው ውስጥ ስትጨምርልኝ ከርማለች። እጥፍ ስውጥ ነበር የከረምኩት።

እማዬ ነጠላዋን እንኳ ሳትደርብ በባጃጅ ወደ ሐኪሟ ወሰደችኝ። ደሜ ተመርምሮ ደህና ሆነ፤ የአክስቴ ይቅር፣ የራሴ ይቀጥል ተባለ። ማስመለሱ ቆሟል። ሚስማሩ አሁንም አፌ ውስጥ ነው፣ እሱን ለምጄዋለሁ። አባባ ግን፣ ጎሜ ነው አላልኩም ወይ እያሉ በሴቻ ሰፈራችን ይዞራሉ። ደግሞ ልክ ናቸው። ከኪኒኑ ይልቅ ይሄ አልዋጥ አለኝ።

አባዬ ድንበሩን መልሻለሁ በይልኝ ብሏል። እማዬ በናፍቆት ትስምሃለች። አባባ ይመርቁሃል፤ አንተም ሳይረፍድብህ ተናዘዝ ብለዋል። አክስታችን ሰላምታዋን ከደረቅ ሀለኮ ጋር ልትልክልህ ቋጥራ ነበር፤ ሰላምታውን ልኬ ሀለኮውን አስቀርቼዋለሁ፣ ስለምወድህ።

እህትህ አርሴማ
አርባ ምንጭ፣ ሴቻ
ጥቅምት 19 ቀን 2018 ዓ.ም.