ሳላውቅ የተነሳሁት ፎቶ

ልጄ፣ እንደምን ከርመሻል? አምላክ ከክፉ ይሰውርሽ፤ እኛ ደህና ነን።

አባትሽ ጡረታ ከወጣ ወዲህ የሰፈሩ ፎቶ አንሺዎች ማኅበር ገብቷል። ቅዳሜ በማኅበሩ አዳራሽ ውስጥ ሥራቸውን አሳዩ። የወጣቶቹ በዲጂታል የተነሳ፣ በቀለም ያሸበረቀ ነው፤ የአባትሽ በፊልም፣ ጥቁርና ነጭ። ቀረብ ብዬ ባየው እኔው ነኝ፤ ልብስ ሳጥብ ደክሞኝ ደረጃው ላይ እንቅልፍ ጥሎኛል።

«ምነው ሳትነግረኝ?» አልኩት።

«ብነግርሽ ፀጉርሽን ታበጥሪ ነበር» አለኝ።

ቅር ቢለኝም ቆሜ ብዙ አየሁት። ያን ያህል መድከሜን አላውቅም ነበር። አሁን ልብስ የሚያጥበው እሱ ነው፤ ነጩን ከባለቀለሙ ጋር ይነክረዋል፣ ዝም እላለሁ።

አንቺ የምትልኪው ፎቶ ሁሉ ተኳኩለሽ የተነሳሽውን ነው። የያዝሽው ይባረክልሽ፣ የሰው ፍቅር ይስጥሽ። እስቲ አንድ ቀን ከሥራ እንደገባሽ፣ ጫማሽን ሳታወልቂ ፎቶ ተነስተሽ ላኪልኝ። ደክሞሽም ከሆነ ልየው።

እናትሽ