የለውዝ ቅቤው ላይ የሚስቀው ሰውዬ

ውድ የልጄ አባት፣

ጤናህን አልጠይቅም፤ አንተ ካለህበት አገር ስለ ጤናው የሚያማርር ሰው ሰምቼ አላውቅም። እኛ ደህና ነን። የለውዝ መፍጫው ብቻ አንተ ከሄድክ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ያኮርፋል፤ ጎኑን ካልመታሁት አይነሳም። ከማን እንደለመደው አንተው ታውቃለህ።

ይህን የምጽፍልህ ከሌላ ሰው አፍ ሳትሰማው ብዬ ነው። ሰፈሩ ውስጥ ወንድ ይዛለች ተብያለሁ። ወንዱም አንተ ነህ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያ ስትለማመጠው የኖርከው ትልቁ ሱቅ በስንት መከራ የለውዝ ቅቤያችንን ሊቀበል ተስማማ። ግን ዕቃ ገዢው፣ ያ ክራባቱ አንገቱን ሊያንቀው የደረሰ ልጅ፣ ጠርሙሱን አገላብጦ አየና አንተ በእጅህ «ለውዝ ነው» ብለህ የጻፍክበት ወረቀት ላይ ሲደርስ ፊቱ ጠቆረ።

«እናቴ፣ ጣዕሙ አንደኛ ነው። ይሄ ግን የመድኃኒት ይመስላል። ሰው ፊት ሲያይ ነው የሚገዛው። እስከ አርብ ፊት ያለበት ነገር ያምጡልኝ» አለኝ።

ፊት ሲባል እኔ የማውቀው የአንተን ነው። እሱ ደግሞ የለም። በየድግሱ ካሜራውን የምትይዘው አንተ ስለነበርክ አልበሙ ውስጥ ያለኸው በጥላህና በአውራ ጣትህ ብቻ ነው። የተረፈው የመታወቂያህ ፎቶ ሲሆን እሱ ላይ ከእስር ያመለጥክ ትመስላለህ። እሱን ብለጥፍ የሚመጣብን ለውዝ ገዢ ሳይሆን ፖሊስ ነው።

ልጃችን ስልኬ ላይ አንድ ነገር ጫነችልኝና «ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው፤ የምትፈልጊውን ጻፊለት፣ ይሥልልሻል» ብላኝ ወደ ሥራዋ ሄደች። እኔም እንደ ጨዋ ሰው ጻፍኩለት። «ጤና ይስጥልኝ። ባለቤቴን ሣልልኝ። መላጣ ነው፤ ደግ ነው፤ ሲስቅ አንድ ዓይኑን ይጨፍናል። ጉንጩ ላይ ለውዝ የሚያህል ጥቁር ነጥብ አለው።»

እሱ እቴ! ፀጉሩ የሚያብለጨልጭ ጎረምሳ ሣለልኝ፤ ጉንጩ ላይ ከነቅርፊቱ አንድ ለውዝ ተለጥፎበታል። እንደገና ብለምነው መላጣ አደረገህና ስድስተኛ ጣት መረቀልህ። ለሥራ ይጠቅማል ብዬ በእሱ እንኳ አልተከፋሁም። «ደግነቱን ጨምርበት» ብለው ግን ነጭ ጢም አብቅሎ ከጭንቅላትህ ኋላ ብርሃን አበራብህ። ባለቤቴ ለውዝ ቆልቶ እንጂ ተአምር ሠርቶ አያውቅም ብዬ መለስኩለት።

ይህን ሁሉ የማደርገው መፍጫ ቤቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ነበር። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ከኋላዬ መጥታ አየች፤ ስልኬ ላይ ወንድ፣ እኔ ደግሞ «ኧረ ከንፈርህ እንዲህ አይደለም» እያልኩ። የቀረውን እሷው ሰፍታ ሰፈሩን አለበሰችው።

በማግስቱ እህትህ፣ ያቺ በሌለችበት ሻምበል የምንላት፣ በሩን ሳታንኳኳ ገባች። ከቀብርህ ወዲህ ቤቴን ረግጣ አታውቅም።

«የታለ?»

«ማን፣ እትዬ?»

«ጎረምሳው!»

ስልኩን ሰጠኋት። መነጽሯን አውጥታ ረጅም ጊዜ አየችው።

«ይሄ... ወንድሜ ነው እንዴ?»

«እንዲሆንልኝ እየለመንኩት ነው።»

«ጆሮው የት ሄደ ታዲያ? የእኔ ወንድም ነፋስ ሲነሳ እኮ በሁለት እጅ እንይዘው ነበር!»

«እኔ ሳገባው እንደዚያ አልነበረም።»

«አንቺ ስታገቢውማ ባርኔጣ አድርጎ ነበር! እኔ ነኝ ያስደረግኩት!»

ከዚያ ወንበር ስባ ተቀመጠች። እሷ የልጅነትህን ታዛለች፣ እኔ የጎልማሳነትህን እጽፋለሁ፤ መሣሪያው መሐል ቤት ግራ ገብቶታል። ስትስቅ አንድ ዓይንህን ለምን እንደምትጨፍን የነገረችኝ ያን ጊዜ ነው። አባታችሁ ሲቆጣት እንዳታለቅስ ከጠረጴዛው ማዶ ትጠቅሳት ነበር አሉ፤ እንደዚያው ለምዶብህ ቀረ። እኔ ደግሞ ያን ሁሉ ዓመት ለእኔ ብቻ መስሎኝ ስንቀባረር ኖርኩ!

ፍርሃቴን ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር። ለእሷ ነገርኳት። «እትዬ፣ እየጠፋብኝ ነው። ድምፁ አለ፣ አረማመዱ አለ። ፊቱ ግን በነቃሁ ቁጥር እየሳሳብኝ ነው።»

ቁጣ ጠብቄ ነበር። «እኔ እኮ» አለች ቀስ ብላ፣ «አንቺ ጋ አለ ብዬ ነው ተረጋግቼ የተቀመጥኩት።»

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ስልኩ ላይ መጣህ። እንዴት እንደመጣህ አላውቅም፤ የትኛው ቃል እንዳመጣህም አላውቅም። ብቻ አንተ ነበርክ። እህትህ ሻሿን አስተካከለች። እኔ እጄን ቀሚሴ ላይ ጠረግሁ።

«ይሄን ነው ጠርሙስ ላይ የምትለጥፊው?» አለችኝ በመጨረሻ።

«ለዚሁ አይደል የለፋነው?»

«ሰው በልቶ ሲጨርስ ጠርሙሱን የት ያደርገዋል?»

አላሰብኩበትም ነበር። ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ፣ በሽንኩርት ልጣጭ መሐል፣ እየሳቅክ ታየኸኝ። አንድ ጊዜ ቀብሬሃለሁ፤ በየሳምንቱ ግን አልችልም።

ስልኩን አነሳሁና «ማንም የማያውቀው፣ ማንም የማይናፍቀው ሰው ሣልልኝ» ብዬ ጻፍኩለት። ይህን አንድ ጊዜ እንኳ አላስደገመኝም። ባለክራባቱ ልጅ አርብ ዕለት አይቶ «ይሄ ነው ፊት!» ብሎ ሊስመኝ ምንም አልቀረውም። አሁን ሰውዬው በየመደርደሪያው ቆሞ ይስቃል። ባልሽ ነው ወይ ሲሉኝ፣ ተቀጣሪያችን ነው እላለሁ።

አንተን አሳትመን መፍጫ ቤታችን ውስጥ ከጠርሙሶቹ በላይ መደርደሪያው ላይ አቁመንሃል። እህትህ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠርሙስ ለመሙላት ትመጣለች። ሥራዋ ቀርቶ በእኔ ላይ ክስ ስታቀርብልህ ነው የምትውለው፤ ጨው አበዛች፣ ሰው አትሰማም፣ እያለች። እኔም እየሰማሁ ክዳን እከድናለሁ። ባለፈው ግን ውኃ ልቀዳ ወጥቼ ስመለስ፣ መግባቴን ሳታይ «ሚስትህ እኮ ጎበዝ ናት» ስትልህ ሰማኋት። ባልዲዬን ይዤ ተመልሼ ወጣሁ።

አደራህን፣ አንተም እንዳልሰማህ ሁን። ካፈረች ቅዳሜ አትመጣም።

እጇ ለውዝ ለውዝ የሚሸት፣
ሚስትህ