ማንን ጠየቅሽ፣ እትዬ?

ይድረስ ለውድ እህቴ ለእትዬ ላቀች፣

እንደምን ሰንብተሻል? ጉልበትሽ እንዴት ሆነልሽ? ልጅሽ ሔርሞንስ? ዘንድሮ የደብረ ሲና ክረምት እንዴት ይዟችኋል? እኔም ባለቤቴ ዳኛቸውም ልጃችን ሮሃም በአካል ደህና ነን፤ ልቤን ግን አትጠይቂኝ። ስልክ ትቼ የጻፍኩልሽ አኩርፌ እንዳይመስልሽ። እርግጥ አኩርፌአለሁ። ዋናው ግን በስልክ «ደህና ናት» ስትዪኝ ከሰነበትሽ ወዲህ ድምፅሽን ማመን ስላቃተኝ ነው። የዳኛቸው የሥራ ባልደረባ ጎሳዬ ወደ አገር ቤት ስለሚመጣ ይህን በእጁ ልኬልሻለሁ።

ለእማዬ ቪዛ የተመታላት ዕለት ቤታችን ሠርግ ቤት ነበር። ዳኛቸው ካርታ ገዝቶ መጣ፤ ስልኩ መንገዱን ሁሉ እያወቀ እሱ ግን እንደ አስተማሪ ወረቀት መዘርጋት ይወዳል። እንደመጣች እረፍት ወስደን በመኪና ልናንሸራሽራት ነበር ሐሳባችን። መንገዱ ሁለት ነው። አንዱ የዌስት ቨርጂኒያን ተራሮች አቋርጦ ቨርጂኒያ ይገባል፤ እዚያ አብሮ አደጓ እትዬ ዘውዴ አሉ። ሌላው ወደ ሰሜን በክሊቭላንድ አድርጎ፣ የኤሪ ሐይቅን ዳር ዳሩን ይዞ ናያግራ ፏፏቴ ያደርሳል። ዳኛቸው «ተራራው አገሯን ያስታውሳታል» ብሎ ሙጭጭ አለ። እኔ ደግሞ ደብረ ሲናን ለማስታወስ አሜሪካ ድረስ ምን አደከማት አልኩት። የጣርማ በርን ጠመዝማዛ ዕድሜዋን ሙሉ ሎሚ እያሸተተች የወጣች ሴት ናት፤ እዚህም ሎሚ ልናስይዛት ነው? እሱ አንዴ ከያዘ አይለቅም፣ እኔም አልለቅም፤ በየማታው ጭቅጭቅ ሆነ።

ከዚያ አንድ ቀን ዳኛቸው መከራከር ተወ። ውሃው ይሻላል ስል እሺ። የለም ተራራው ስል እሺ። የፊት ወንበር የእማዬ ነው ስል እሺ። እኔ ሞኟ ባሌን ረታሁት ብዬ ደስ አለኝ። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ጋሼ አሥራት ትራክ ሲነዱ ስለኖሩ ያልረገጡት አገር የለም፤ ቤታችን መጥተው መንገዱን ብጠይቃቸው ጣታቸውን ካርታው ላይ እየጎተቱ አንዱን ከተማ ሁለት ጊዜ ጠሩልኝ። እርጅና መሰለኝ። ለካ ሁሉም ያውቁ ኖሯል። ሰው ከሥራ አርፎ ቅዳሜ እስኪሰበሰብ ድረስ መርዶዬን በወጉ አቆይተውልኛል። እናቴ ከተቀበረች በኋላ እኔ ሆቴል እመርጥላት ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት በሩ ተንኳኳና ከፈትኩ። ጋሼ አሥራት ከነባለቤታቸው፣ ከኋላቸውም ብዙ ሰው ቆሟል። ስለ መንገዱ ሊመክሩኝ የመጡ መስሎኝ «ግቡ ግቡ፣ ካርታው ጠረጴዛው ላይ ነው» አልኳቸው። ባለቤታቸው አፋቸውን በነጠላ ይዘው የጮኹት ያን ጊዜ ነው።

ልማዱን አልነቅፍም። ብቻዋን ሆና፣ መኪና እየነዳች እንዳትሰማ ብላችሁ ነው። ከዚሁ ከኮሎምበስ ዳርቻ፣ ከደብሊንም ከፒከሪንግተንም ሰው ሥራውን ትቶ መጥቶ አስተዛዝኖኛል። ዳኛቸውንም ይቅር ብየዋለሁ፤ ያን ሰሞን ጋራዥ እየገባ መኪናው ውስጥ ሲያለቅስ ነበር የሰነበተው። አንድ ነገር ግን ከሆዴ አልወጣ አለኝ። ከመርዶው በፊት በዚያው ሳምንት ደውዬ፣ እማዬን ተራራ ይሻላታል ወይስ ውሃ ብለሽ ጠይቂልኝ አልኩሽ። «ቆይ ልጠይቃት» ብለሽ ስልኩን አስቀመጥሽ። ብዙ ቆየሽ። ተመልሰሽም «ውሃውን ትላለች፤ ተራራስ ጠግቤአለሁ ብላለች» አልሽኝ። የእሷው አነጋገር ነዋ፣ ከት ብዬ ሳቅሁ። ማንን ጠየቅሽ፣ እትዬ? ያን ያህል ስትቆዪ፣ ባዶ አልጋዋ አጠገብ ቆመሽ ነበር?

ዳኛቸው ሆቴሉን «ካንስል እናድርገው» ይለኛል። እምቢ ብያለሁ። አርባዋ ሲወጣ ሦስታችን እንሄዳለን፤ እኔ ከኋላ ከሮሃ ጋር እቀመጣለሁ፣ የፊቱ ወንበር የእማዬ ነው። በየትኛው መንገድ እንደምንሄድ ግን ያለ አንቺ መወሰን አልቻልኩም። በሕይወት ሳለች በአፏ ያለችው ከሆነ ንገሪኝ፤ ሐይቁ ዳር ቆሜ ስሟን ጠርቼ አለቅስላታለሁ። ከራስሽ ያመጣሽው ከሆነም አትፈሪ፣ ንገሪኝ። እሷን ስትጦሪ ከዚያ ተራራ ሥር ርቀሽ የማታውቂ አንቺ ነሽ። እንግዲያው ተራራ የጠገብሽው፣ ውሃ ያማረሽ አንቺ ነሽ ማለት ነው። እንዲያ ከሆነም ስለ አንቺ ብዬ በውሃው እሄዳለሁ።

ጋሼ ግርማቸው ባልሽ ብቻ ሳይሆኑ ለእማዬም ልጅ ሆነው ቀብረዋታልና፣ ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። ሔርሞንን ዓይኗን ሳሚልኝ፤ በአያቷ አልጋ ላይ የምትተኛው እሷ ከሆነች ብርድ ልብሱን ደርቢላት። ጎረቤቱን ሁሉ እግዜር ይስጥልኝ በይልኝ። አንቺንም እንደምን ነሽ እላለሁ፤ ከእንግዲህ ግን ቢከፋም እውነቱን መልሺልኝ።

እህትሽ ሮማነወርቅ
ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ
ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም.