ወኪል አልፈልግም

ሰኞ፣ ጥር 9 ቀን 2014
ሰባተኛ ለ ዛሬም የቤት ሥራ አልሠሩም። ድምፄ እስኪዘጋ ጮህኩባቸው። ጦር ሜዳ ለወደቀው ባሌ ለዐብዲረዛቅ የተቀመጥኩት ዒዳ፣ አራት ወር ከአሥር ቀኑ የሐዘን ጊዜ፣ ካለቀ ሁለት ሳምንት ሆነ። ነጩን የሐዘን ልብስ አጥቤ አስቀመጥኩ።

ከሰዓት ታላቅ ወንድሙ ዐቦኮር መጣ። «የወታደር ቤተሰብ ድጋፍ ተፈቅዷል አሉ። ሴት ልጅ ቢሮ ለቢሮ ምን ያንከራትታታል? እኔ ወኪል ሆኜ እቀበልልሻለሁ፣ ረቢዓ።» አመሰገንኩት።

ሐሙስ፣ ጥር 12
ምን ዓይነት ጅል ነኝ? ዛሬ ሽማግሌ ይዞ መጣ። ዱማል ይሉታል፤ የሟች ወንድም ሚስቱን ይውሰድ ነው ነገሩ። «ቤቱ እንዳይበተን» አሉ። ድጋፉም በእሱ ስም ይውጣ ተባለ።

የማን ቤት? ኪራዩን የምከፍለው እኔ ነኝ!

ሻይ ቀዳሁላቸው። ከዚያ «እምቢ» አልኩ። ሻያቸውን ሳይጨርሱ ብርጭቆውን ሰበሰብኩ።

እሑድ፣ ጥር 15
ቃዲው ዘንድ ሄድኩ። «ያለ ፈቃድሽ ኒካህ የለም፣ ልጄ። በቃ።»
በቃ!

ማክሰኞ፣ ጥር 24
የወታደር ቤተሰብ ድጋፍ ቢሮ ሄድኩ። ጸሐፊዋ አይዳ ጥሩ ልጅ ናት። «የጋብቻ ወረቀት አለሽ፣ መምህር?»
የለኝም። በመርዶው ሰሞን ዐቦኮር «ጉዳይ ላስፈጽም» ብሎ ወስዶ አስቀረው። ያጋቡን ሼህ ደግሞ ሞተዋል።
«እንግዲያው ሦስት ምስክር። አንዱ ከሟች ወገን።»

ሁለቱ ቀላል ናቸው፤ ጎረቤቴ አትጠገብ እና አብራኝ የምታስተምረው ኢልሃን። ከሟች ወገንስ? ሐርተሼክ ያለው አጎቱ ስልኩን ዘጋብኝ። የአጎቱ ልጅ «ዐቦኮርን አስቀይሜ የት ልግባ?» አለኝ።

ልጄ ነስራ ጫማ ጠቧት ጣቷን አጥፋ ነው ትምህርት ቤት የምትሄደው። አባቷ ሕይወቱን ሰጠ። ለእሷ ጫማ ወኪል ያስፈልጋል? አልተውም። ቢፈልግ መላው ጅግጅጋ ያኩርፈኝ።

ረቡዕ፣ የካቲት 9
አማቴ ባቱሎ አስጠሩኝ። ፈራሁ። ሰው ፊት የምወቅሰው የበኩር ልጃቸውን ዐቦኮርን አይደል?
«ወረቀቱን ወስዷል?»
«ወስዷል።»
ምንጣፉ ላይ አጠገባቸው አስቀመጡኝ።
«ባሌ ሲሞት ለወንድሙ ሰጡኝ። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ማንም አልጠየቀኝም።» ሻሻቸውን አስተካከሉ። «ቢሮው ጠዋት ስንት ሰዓት ይከፈታል?»

ሐሙስ፣ የካቲት 10
አትጠገብና ኢልሃን ቀድመውን ደርሰው ነበር። ዐቦኮርም! ማን እንደነገረው እንጃ፤ በሩ ላይ ቆሟል።
«ሆዮ፣ እናቴ፣ በሰው ፊት ልታዋርጂኝ ነው?»
«የሞተውም ልጄ ነው» አሉትና አልፈውት ገቡ።

አይዳ ጠየቀች፣ ባቱሎ መለሱ። አዎ፣ የልጄ ሚስት ናት። አዎ፣ ሠርጉ ላይ ነበርኩ፤ የጥሎሹን ፍየሎችም የሰጠሁት እኔ ነኝ። የጣት አሻራቸውን አኖሩ። ተቀባይ በሚለው ቦታ የእኔ ስም ተጻፈ። የእኔ ብቻ! ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ በስሜ ይወጣል።

ስንወጣ ደረጃው ላይ ቆም አሉ።
«ያኔ እኔም እምቢ ብል ኖሮ ይሆን ነበር?»
ያ የተሰጡለት ሰውዬ፣ ሁለተኛው ባላቸው፣ አሁንም ቤት ምሳ እየጠበቀ ነው።
«አላውቅም» አልኳቸው።
ባጃጅ አስቆምኩ። ወደ እሳቸው ሰፈር ልሸኛቸው ስል ክንዴን ያዙኝ።
«ወደ አንቺ ቤት እንሂድ። ዛሬ ምሳውን ራሱ ይፈልግ።»