«ደህና ነኝ» እያልኩ ያነጋኋቸው ሌሊቶች

ጥር 20
የመንፈቅ ዓመቱን ፈተና አርሜ ጨረስኩ። ስምንተኛ «ለ» እንደ ልማዱ ክፍልፋይ ላይ ወደቀ። ሙቀቱ ለጉድ ነው። ነገ ሆስፒታል እተኛለሁ፤ ለሐሞት ጠጠር። ጥቂት ቀን ነው ብለውኛል።

ጥር 23
ትናንት ቀደዱኝ። ቀን ጠያቂ ይመጣል፣ ይወራል፣ ይረሳል። መብራት ሲጠፋ ግን ቁስሉ ይነቃል። ሸለብ ሊያደርገኝ ሲል ትንፋሼ ይወጋኛል... በግራ አይሆን፣ በቀኝ አይሆን። ጣራ ማየት ብቻ።
ጠዋት ዶክተር ነብዩ ሲዞር፦ «እንዴት አደሩ መምህርት?»
«ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»
ጻፈና አለፈ። ምነው አፌን በቆረጠው! ሰው እንዴት አደርሽ ሲባል መጀመሪያ ፈጣሪውን ያመሰግናል፤ ሕመሙን ከዚያ ይናገራል። ዶክተሩ ግን እስከዚያ አይቆምም።

ጥር 24
ዛሬም ሳልተኛ ነጋ። ነርሷን ትዕግሥትን ልጠራ ሦስቴ አፌን ከፈትኩ... አፈርኩ። አጠገቤ የተኛችው ሀምዲያ ከመንጌ ወረዳ መጥታ የተሰበረ እግሯን ተሠርታለች፤ ድምፅ አታሰማም። እኔ ለጠጠር ልጩህ?
ጠዋት ዶክተሩ ጠየቀ። ደህና አልኩ።

ጥር 25
«ደህና»ዬን ልጀምር ስል ሀምዲያ ከአልጋዋ ቀና አለች። አፏን የፈታችው በሌላ ቋንቋ ስለሆነ በአማርኛዋ ሴቱም ወንድ ነው።
«ውሸት ነው ዶክተር! መምህር አልተኛም። ሌሊት ሁሉ ብርድ ልብስ ነክሶ ያለቅሳል።»
አንገቴን ደፋሁ። ዶክተሩ ካርዱን ገለጠ። ለካ የማስታገሻ መርፌ ታዝዞልኛል፤ «ሕመም አለኝ ካለች» ተብሎ! ትዕግሥት ማታ እራሷ ልትወጋኝ ቃል ገባች።

ጥር 26
ተኛሁ! አንዴም ሳልነቃ።
ዶክተሩ ሀምዲያን ጠየቃት።
«አልሃምዱሊላህ፣ ደህና።»
ፊቷ አመድ መስሏል። ከንፈሯ ተነክሶ ደም ቋጥሯል። ሌሊት ሁሉ ሳለቅስ ያየችኝ እሷም ሳትተኛ ነዋ! እንዴት እስከ ዛሬ አልገባኝም?
«አልተኛችም!» አልኩ።
«አይተዋታል?»
«አይ... እኔ ተኝቼ ነበር።»
ሀምዲያ ፈገግ ብላ «ደህና ነው፣ ደህና ነው» አለች። ዶክተሩም የነገረችውን ጻፈ።
ከሰዓት በኋላ ወደ ቤቴ ሸኙኝ። በሩ ላይ ትዕግሥትን ለመንኳት። «ማታ ሳትጠይቂ ውጊያት።»
«ደህና ነኝ እያለች እንዴት ብዬ መምህርት?»
ዛሬ ማታ ከሀምዲያ አጠገብ የነበረው አልጋዬ ባዶ ነው። ማን ያያታል?