ለጥርስህ፣ የእማዬን ትራስ

ወንድሜ፣
ጉንጭህን ይዘህ እንቅልፍ ወስዶህ ስላየሁህ ሳልቀሰቅስህ ሥራ ሄድኩ። ሲጀምርህ ታከም ስልህ ጆሮ ዳባ ልበስ አልክ፤ አሁን ቀጠሮህ ሐሙስ ነው፣ እስከዚያ ቻለው።

ለብ ባለ ውሃ ጨው በጥብጠህ ተጉመጥመጥ። ቅርንፉዱ ከስኳሩ ጣሳ አጠገብ ነው፤ አንድ ፍሬ በሚያምህ ጥርስ ነክሰህ ያዝ። ክኒኑን ዋጠው እንጂ እንደ ባለፈው ድድህ ላይ አትለጥፈው፣ ያቃጥልሃል።

ስትተኛ ጭንቅላትህን ከፍ አድርግ፣ ጥዝጠዛውን ያበርድልሃል።
የእማዬን ትራስ ጨምርበት።

አዎ፣ ከቀብሯ ወዲህ ማንም እንዳይነካው ያልኩት እኔ ነኝ። ባለፈው ስታነሳው የጮህኩብህም እኔው እህትህ ነኝ።
ያንተም እናት ነበረች።

ጠረኗ እንዳይጠፋብኝ ሳስቼ ነው።
አሁን ግን ውሰደው። እኔው አሽትቼ ጨርሼዋለሁ።