የስምሽ ነገር

ለእህቴ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ዓይንሽስ? ሸሃታ ጠብታውን ትተሽ ዓይንሽን በሻይ ውሃ እንደምታጥቢ ነግሮኛል። ተይ። ሐኪም ያዘዘሽን አድርጊ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ደረጃ አልወጣም ብሏል፤ ካይሮ ደግሞ ያለ ደረጃ ቤት የላትም። ከዚህ በቀር አልሐምዱሊላህ።

ይህን ደብዳቤ የሚያነብልሽ የወንድማችን ልጅ ሸሃታ እንደሆነ አውቃለሁ። ሸሃታ፣ ድምፅህን ዝቅ አታድርግ።

አሳታሚው በሃምሳ ዓመት ውስጥ የጻፍኳቸውን አጫጭር ታሪኮች ሁሉ በአንድ መጽሐፍ ሊያወጣ ነው። የመጀመሪያዋን አልሰጥም አልኩት። ያለ እሷ መጽሐፉ ጎደሎ ነው ብሎ ለመነኝ፤ እንቢ አልኩ። ሸሃታ ይህን ላንቺ እንዳወራ ስሰማ ምላሱን ረገምኩ።

ያቺን ስጽፍ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ስኳር ፋብሪካ በር ላይ የሸንኮራ ጭነት እመዝን ነበር። የጻፍኩት ያየሁትን ነው። አባታችን ለቁርኣን ብሎ ሁለት ዓመት ሼኹ ዘንድ የላከው አንቺን ነው፤ እኔን ለማሳው ፈለገኝ። ሊጡን እንዲነሳ ፀሐይ ላይ ስታሰጪ፣ ሌሎቹ ሴቶች የዳቦውን ጠርዝ በዘንባባ እሾህ ይጭራሉ፤ አንቺ ግን በየዳቦው ላይ ፊደል ትጭሪ ነበር። ሊጡ ሲነሳ ፊደሉም አብሮ ይነፋል። ያነበብኩትን እበላለሁ፤ ያላነበብኩትን አንቺ ፊት ለፊቴ ቁጭ ብለሽ ትበይብኛለሽ።

ስምሽንም እንዳለ ጻፍኩት። የታሪኳን ልጅ ሌላ ስም ስሰጣት ታሪኩ አልሄድ ብሎኝ ነው።

አገራችንን ታውቂዋለሽ፤ ወንድ የእናቱን ስም የጠየቀውን ሰው ይደበድባል። ታሪኳ የታተመችበት መጽሔት ከካይሮ በመጣ በሦስተኛው ቀን አንዱ ሻይ ቤት ውስጥ ስምሽን ጮክ ብሎ አነበበው። ማግስቱን የእጮኛሽ የማህሩስ አባት መጣ። «የልጄን ሚስት ስም አህያ ነጂው ሁሉ ካወቀው፣ ከእንግዲህ ፊቷን መሸፈኗ ለምን ይበጃል?» አለው አባታችንን። እጮኝነቱ ፈረሰ። አባታችን መጽሔቱን ምድጃ ውስጥ ከቶ እኔን ወደ ባቡር ጣቢያ ሰደደኝ። አንቺ ዳቦ ቋጥረሽ ሰጠሽኝ። ባቡር ውስጥ ፈታሁት፤ ምንም አልተጫረበትም።

ከዚያ ወዲህ በጻፍኳቸው ታሪኮች ውስጥ አንዲትም ሴት ስም የላትም። ሐያሲዎች ታላቅ ጥበብ ነው ብለው ብዙ ጽፈውበታል፤ እኔም ዝም አልኳቸው። ጋዜጠኛ ማን አስተማረህ ሲለኝ፣ ማንም፣ ራሴን በራሴ እላለሁ። ስምሽን ከሰው አፍ ልጠብቅ ብዬ ነው የጀመርኩት። ይህ እውነት ነው። በኋላ ግን ነገሩ ጣመኝ። ይህም እውነት ነው።

ባለፈው ሳምንት ሸሃታ መልእክትሽን አደረሰልኝ። ቃል በቃል አስደገምኩት፦ «ለዚያ ግትር ሽማግሌ ንገረው። ወልጄ ቢሆን የእገሌ እናት ይሉኝ ነበር። ልጆቹ አክስቴ፣ ጎረቤቱ ሐጃ ይለኛል። እናቴ ከሞተች ወዲህ በስሜ የሚጠራኝ ያ ወረቀት ብቻ ነው። እሱንም ሊቀብረው ነው?» ይህን ብሎ ጠርዙ የተቃጠለውን መጽሔት ከኮቱ ውስጥ አወጣ። ከምድጃው ማን እንዳወጣው አልጠየቅሁትም። 

ታሪኳ ትገባለች፤ መጀመሪያ ላይ። አንዲት ቃል አልነካሁም። አሳታሚው ስለ ደራሲው በሚለው ገጽ ላይ «ራሱን በራሱ ያስተማረ» ብሎ ነበር፤ ሰረዝኩት። በቦታው የጻፍኩትን መጽሐፉ ሲደርስ ሸሃታ በሩን ከፍቶ ያንብብልሽ።

በዚህ ደብዳቤ ፖስታ ላይም «ሐጃ» አላልኩም። ፖስተኛው የጻፍኩትን ስም ሰፈሩ መሃል ቆሞ ጮክ ብሎ ካልጠራው ንገሪኝ፤ ለአለቃው አመለክታለሁ።

ለበዓሉ እመጣለሁ፤ ከባቡር ጣቢያው ሸሃታ ይቀበለኝ። ሊጥ አስጪ። ዓይንሽ ባያይ እጅሽ ያውቀዋል። ያላነበብኩትን አልበላም።

አላህ የዓይንሽን ብርሃን ይመልስልሽ፤ ደጅሽም ስምሽን የሚጠራ ሰው አይጣ።

ታናሽ ወንድምሽ፣ ተማሪሽ